ሁዱ እየጮኸ ሽታው ለምን አይወጣም?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቪላ ሠርታ ከገባች ዓመት አልሞላትም። ኪችኑ ከሳሎኑ ጋር ክፍት ነው። ምድጃው በጋዝ፣ ኦቨኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስቶቭ አላት። ከላዩ ባለ 90 ሳንቲም ሁድ፣ ማለትም ጭስና ሽታ ስቦ የሚያወጣ ማሽን፣ አስገጥማለች፣ ካርቶኑ ላይ በሰዓት 1,000 ሜትር ኪዩብ አየር ያወጣል ይላል። ገጣሚው 110 ሚሊ የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ በሦስት ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ) አዙሮ ጫፉን ኮርኒስ ውስጥ ትቶታል። አሁን ሁዱ ሲበራ "እንደ አውሮፕላን ይጮኻል"፣ የቁሌት ሽታ ግን መኝታ ቤት ድረስ ይዘልቃል። እንጀራ በተጋገረ ቀን ደግሞ ቡናማ ውሃ ስቶቩ ላይ ይንጠባጠባል። ሻጩ ተለቅ ያለ ሁድ ግዢ ብሏታል። ሌላ ሰው ከኦቨኑ ጀርባ ራሱን የቻለ ቱቦ አስበይጂ ብሏታል። የቱን ላድርግ ነው የምትለው።

እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። ትልቅ ሁድ ብትገዢ የሚገጠመው በዚያው ቱቦ ላይ ነው፣ የሚጨምርልሽ ጩኸቱ ብቻ ነው። እኔ በላሜራና በአየር ማስወጫ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ሆነኝ፣ መጀመሪያ የሆቴል ኪችን፣ አሁን ባብዛኛው መኖሪያ ቤት። "ሁዱ አይስብም" ተብዬ ሄጄ ሞተሩ ተበላሽቶ ያገኘሁበት ቀን በጣም ጥቂት ነው። ችግሩ ከሞተሩ በላይ፣ ቱቦው ላይ ነው የሚገኘው፣ ወይ ከቤቱ ውስጥ። የአንቺ ቤት ሁለቱም ያለበት ይመስለኛል።

መጀመሪያ የኦቨኑን ነገር እንጨርስ፣ እሱ አጭር ነው። የኤሌክትሪክ ኦቨን ቱቦ አይፈልግም። ድፎ ስትጋግሪ የሚወጣው እንፋሎት በራሱ መተንፈሻ ይወጣና ከላይ ያለው ሁድ ይቀበለዋል። አምራቹ ያንን መተንፈሻ ጠበብ አድርጎ የሠራው አስቦበት ነው። ጀርባው ተበስቶ ቱቦ ከተበየደለት ሙቀቱን ሲያፈስ ይውላል፣ ኦቨኑ በረደ እያለ እሳቱን ይጨምራል፣ ድፎሽ አንድ ጎኑ አርሮ ሌላው ጎኑ ሊጥ ሆኖ ይወጣል። ኦቨኑ በጋዝ ቢሆን ኖሮ ነበልባሉንም ሊያጠፋው ይችላል፣ ያ ደግሞ ከድፎ መበላሸት የባሰ ጣጣ ነው። ለኦቨኑ መመሪያው ላይ የተጻፈለትን ክፍተት ከኋላው ተዪለት፣ በቃ።

አሁን ወደ ቱቦው።

የሁድሽ መውጫ 150 ሚሊ ሳይሆን አይቀርም፣ በዚህ ስፋት ያሉት ባብዛኛው እንደዚያ ናቸው። ሜትር ይዘሽ ለኪው። አንዳንዴ ከካርቶኑ ጋር ወደ 120 የሚያጠብ የፕላስቲክ ቀለበት ይመጣል፣ ገጣሚዎች ስላገኙት ብቻ ይገጥሙታል። ካለ አውጪው። ፒቪሲው 110 የሚባለው ከውጭ ሲለካ ነው፣ ውስጡ ወደ 104 ነው። 150 እና 104 ሲባል ያን ያህል የሚራራቁ አይመስሉም። አየር የሚያልፈው ግን በክቡ ስፋት ነው፣ የ150ው 177 ሳንቲም ካሬ ያህል ሲሆን የአንቺው 85 ገደማ ነው። ከግማሽ በታች። በሰዓት 600 ሜትር ኪዩብ አየር በ150 ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 9 ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል፣ በአንቺው ለማለፍ ግን ወደ 20 ሜትር መሮጥ አለበት። ያንን አየር በዚያ ጠባብ ውስጥ ለማሳለፍ ሞተሩ በየሜትሩ 6 እጥፍ ያህል መግፋት ይኖርበታል። አቅም የለውም። ስለዚህ ትንሽ ያወጣና ብዙ ይጮኻል፣ አውሮፕላን ያልሽው እሱን ነው።

በዚያ ላይ ሦስት ጎሚቶ። አንድ ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ አየሩን የሚያደክመው 2 ወይም 3 ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ የሚያደክመውን ያህል ነው፣ የፍሳሽ ጎሚቶ ደግሞ አጠር ብሎ ስለሚታጠፍ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ በዓይን 3 ሜትር የሚመስለው ቱቦሽ ለሞተሩ 10 ሜትር አልፏል። ለነገሩ ገጣሚው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ በእጁ የነበረውን ገጠመ። ሽንት ቤት ውሃ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ጎሚቶ አይገደውም። አየር ግን ካልተገፋ አይሄድም።

ፒቪሲ ራሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ይለሰልሳል። ድስት ላይ ዘይት ተያይዞ ነበልባሉ በማጣሪያው ካለፈ ቱቦው ይቀልጣል፣ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስም ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ አለበት። አንዳንዱ በፒቪሲው ፋንታ ያንን እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥ የአሉሚኒየም ቱቦ ያስገጥማል። እሱ ቢያንስ አይቀልጥም፣ ግን የውስጡ ሽብሽብ ቅባት ይይዛል፣ ሲታጠፍም ይጨመደዳል። ከሁዱ እስከ ቱቦው ላለችው አንዲት ስንዝር መገናኛ ይሁን እሺ። ከዚያ በላይ ከሆነ እኔ እጄን አላስገባም።

ባለሙያ ከመጥራትሽ በፊት ራስሽ ፈትሺ። ሦስት ነገር ይበቃል። ሁዱን በመካከለኛው ፍጥነት አብሪና አንድ ነጠላ ሶፍት ማጣሪያው ላይ ለጥፊ። መያዝ አለበት። ከወደቀ በቂ አየር አያልፍም ማለት ነው። ቀጥሎ እጣን አጭሺ፣ በቤታችን መቼም እጣን አይጠፋም። ማጨሻውን የፊተኛው ምድጃ ጠርዝ ላይ አስቀምጪና ጭሱን ዝም ብለሽ እይው። ደህና የሚስብ ሁድ ከሆነ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ይልና ማጣሪያው ውስጥ ይጠፋል። መንገዱ የታፈነ ከሆነ ግን ወደ ላይ ይወጣል፣ የሁዱን ከንፈር ይነካል፣ ይጠቀለልና ወደ ፊትሽ ይመለሳል። የቁሌቱም ሽታ መኝታ ቤት የሚደርሰው ልክ እንደዚያ ተጠቅልሎ ነው። ሦስተኛው፣ ሁዱ እየጮኸ የኪችኑን መስኮት አራት ጣት ያህል ክፈቺ። ድምፁ ከተለወጠ ወይም ሶፍቱ ያኔ መያዝ ከጀመረ ቤትሽ አየር አጥሮታል። ወደዚህኛው እመለሳለሁ።

ኮርኒስ ውስጥ ስለተተወው ቱቦ ብዙ ባወራ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ያበሳጨኛል። ደግሞ እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቤት ቆርቆሮውን መብሳት ፈርቼ "አየሩ በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል" ብዬ ጫፉን እዚያው ተውኩት። ከሁለት ክረምት በኋላ የቤቱ እመቤት ጠሩኝ። ነጩ ጂፕሰም ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ወጥቷል፣ መሀሉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች፣ አትወድቅም። በጣቴ ነካሁና አሸተትኩት። ሽንኩርትና በርበሬ። ወደ ላይ ስወጣ ከቱቦው አፍ ፊት ለፊት ያለው የባህር ዛፍ እንጨት ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ አቧራ ተለጥፎበት ፀጉር ያበቀለ ይመስላል። ከሱ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ የመብራት ገመድ መገጣጠሚያ ነበረ። ይህን ካየሁ በኋላ ነው ሥራውን በደንብ መማር የጀመርኩት። ኮርኒሱን በራሴ ወጪ ቀየርኩ፣ እመቤቲቱም ምሳ አብልተው ሸኙኝ፣ ይሄ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ።

የአንቺም ቡናማ ጠብታ ከዚያው ዘር ነው። ማታ ቱሉ ዲምቱ ይበርዳል፣ ቆርቆሮውም ቱቦውም ይቀዘቅዛሉ። የእንጀራው እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው በመንገዱ ያገኘውን ቅባት አጥቦ በመጣበት ይመለሳል። የሚወርደው ስቶቩ ላይ ነው፣ ሌላ መሄጃ የለውም።

ታዲያ ምን ይሠራ? ሁዱ የተሰቀለበት ግድግዳ ጀርባው ጓሮ ነው፣ ሮቶው የቆመበት ነው ብለሻል። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ኮርኒሱን ጣሪያውን ሁሉ ተዪውና በግድግዳው ውጪ። ከሁዱ አናት 150 ቱቦ ቢያንስ 30 ሳንቲም ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ 50 ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ከሞተሩ አፍ ላይ ወዲያው የሚታጠፍ ቱቦ አየሩን ያናውጠዋል። ከዚያ አንድ ጎሚቶ፣ ከዚያ ግድግዳውን በስቶ ውጭ። ጠቅላላው አንድ ሜትር ከምናምን ነው። የሁዱ ጌጥ ሳጥን ይሸፍነዋል፣ ከሳሎን የሚታይ ነገር የለም።

ቱቦው ጋልቫናይዝድ ላሜራ ይሁን፣ 0.6 ሚሊ ውፍረት ይበቃል። የተዘጋጀ ካጣሽ ምናለሽ ተራ ላሜራ የሚቀጠቅጡት ልጆች በአንድ ከሰዓት ይሠሩልሻል፣ ሰፈርሽ ያለ አሸንዳ የሚሠራ ባለሙያም ይችላል። የ150 ቱቦ ዙሪያው 47 ሳንቲም ነው፣ ለመቆላለፊያው 2 ሳንቲም ተኩል ያህል ሲጨመር 50 ይጠጋል። ስለዚህ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ አንድ ላሜራ በርዝመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ 4 ሜትር ቱቦ ይወጣዋል። ይህን ካወቅሽ ሦስት ላሜራ ግዢ የሚልሽ ሰው አያታልልሽም። ጎሚቶውን ስታዢ "ባለ 4 ወይም ባለ 5 ቁራጭ" በይው። ሁለት ቱቦ ሰያፍ ቆርጦ እንደ በር ፍሬም ጥግ የሚያጋጥመውን አትቀበዪ፣ አየሩ እዚያ ጥግ ላይ ይጋጫል። ሁለት ባለ 45 ጎሚቶ ቢገኝ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

አገጣጠሙ ላይ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከላይ ያለው ቱቦ ጫፍ ከታችኛው ውስጥ ይግባ፣ በላዩ አይልበስ። ቅባትና ውሃ ወደ ታች ሲወርድ እዚያው ውስጥ ይወርዳል፣ በተቃራኒው ከሆነ ግን በመገጣጠሚያው ሾልኮ በውጭ በኩል ይዝረከረካል። በሪቬት ይያዝ። ረጅም ቡሎን ውስጥ ድረስ ከገባ ጫፉ ላይ ቅባት ይንጠለጠላል። መገጣጠሚያው በአሉሚኒየም ፕላስተር ይጠቅለል፣ ያ የጨርቅ መሳዩ ግራጫ ፕላስተር ሙቀት ሲነካው ደርቆ ይላቀቃል። ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው ቁራጭ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ አንድ ሳንቲም ያህል። ዝናብ ቢገባም እንፋሎት ቢቀዘቅዝም የሚወርደው ጓሮ ይሆናል እንጂ ስቶቩ ላይ አይሆንም።

ብሎኬቱ ሲበሳ አደራ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ቀዳዳው በላሜራ ተለብጦ ዳር ዳሩ በሲሚንቶ ካልተደፈነ እንፋሎቱ በብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ይሄድና ሌላ ክፍል ግድግዳ ላይ ሻጋታ ሆኖ ይወጣል። ከላይ ደግሞ ቶፕ ታይ ቢሙ አለ፣ ኮርኒሱ ጋ የሚደርሰው ኮንክሪት። እሱንም ኮለኑንም (ቋሚውን ኮንክሪት) ማንም ሰው ለቱቦ ብሎ እንዳይነካ። ድሪሉ ወደ ብረት ከገባ ቁም በይው። ቀዳዳው ከቢሙ በታች ይሁን፣ ቦታ ጠቦ ከሆነ ሁዱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ከጋዝ ምድጃ እስከ ሁዱ ድረስ 75 ሳንቲም ያህል መቅረት አለበት። ለኤሌክትሪክ ምድጃ 65 ይበቃል። ከዚህ በጣም ከፍ ከተባለ ደግሞ ጭሱ ሁዱ ጋ ሳይደርስ ይበተናል፣ ለቁመትሽ ብለሽ 90 አታድርጊው።

ውጭ ላይ ወደ ታች የታጠፈ ኮፍያና በአየሩ ግፊት የሚከፈት ክዳን ያስፈልጋል። ክዳኑ ቧንቧ ሠራተኛ ቼክ ቫልቭ የሚለው ዓይነት ነገር ነው፣ ያወጣል እንጂ አያስገባም፣ የሌሊቱን ብርድና በረሮውን ይከለክልልሻል። ሁዱ አናት ላይም ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ክዳኖች አሉ፣ በእጅሽ ከፍ ዝቅ አድርገሽ ሞክሪያቸው። ገጣሚው የመታው ቡሎን ይዟቸው ሳይከፈቱ ዓመት የቆዩበት ቤት አውቃለሁ። ለወፍ መከላከያ ወንፊት ከተደረገ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ይሁን፣ አንድ ሳንቲም ያህል። የትንኝ ወንፊት በሦስት ወር በቅባት ይደፈንና ከድሮው የባሰ ይሆናል። መውጫው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አይጠጋ፣ አየሩ በጠርዙ ክፍተት ተመልሶ ኮርኒስ ይገባል። ከሮቶው ክዳንም ራቅ ይበል። ከጎረቤት መስኮትም ጭምር፣ በጾም ቀን የዶሮ ወጥ ሽታ ጎረቤት ቤት መላክ ለጉርብትና አይመችም።

እንደ አንቺ ጓሮ ላልታደሉት ስለ ጣሪያ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቱቦው ቆርቆሮውን ሲበሳ ሲልከን ብቻ ቀብቶ የሚሄድ ሰው ሰኔ ላይ ስልኩን አያነሳም። ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ይለጥጠዋል፣ ማታ ብርዱ ይሰበስበዋል፣ ሲልከኑ ይላቀቃል። ቱቦውን የሚያቅፍ የላሜራ ቀሚስ ይሠራለታል፣ የላይኛው ጠርዙ ከላይ ካለው ቆርቆሮ ሥር ይገባል። ውሃው በላዩ ላይ ይሄዳል። ወደ ጣሪያው አናት በተጠጋ ቁጥር ደግሞ ከላይ የሚመጣው ውሃ ያንሳል።

አሁን ያልኩሽ መስኮት። ሁዱ በሰዓት 500 ሜትር ኪዩብ አየር ካወጣ 500 መግባት አለበት። የድሮ ቤት በበሩ ሥር በመስኮቱ ዳር ያስገባ ነበር። አዲስ ቤት ግን አሉሚኒየሙ ድፍን ነው፣ አቧራውን ስለምንፈራ ሁሉን ዘግተን ነው የምንቀመጠው። ሱሉልታ አንድ ቤት ተጠርቼ ነበር፣ ለብርዱ ብለው ሳሎን ውስጥ ፋየርፕሌስ አሠርተዋል። ባልየው እሳት አንድዶ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፣ ባለቤቱ ሁዱን በመጨረሻው ፍጥነት ትከፍተዋለች፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የፋየርፕሌሱ ጭስ ሳሎኑን ሞላው። ጭስ ማውጫው ተበላሽቷል ብለው ሁለቴ አስጠርገዋል። ሁዱ አየር ሲያጣ በጭስ ማውጫው ነበር የሚስበው። መስኮቱን ከፈት ሳደርግ ጭሱ ወዲያው ወደ ጭስ ማውጫው ተመለሰ፣ ሰውዬው ደግሞ ሁለቴ የከፈለውን ብር ነው ያስታወሰው።

ስለዚህ ሁዱ ሲሠራ ከሱ ራቅ ያለ አንድ መስኮት ገርበብ ይበል። ከራሱ ከሁዱ ጎን ያለውን አትክፈቺ፣ ነፋሱ ጭሱን ይገፋዋል። ቋሚ ነገር ከፈለግሽ ከስቶቩ ራቅ ባለ ግድግዳ ዝቅ አድርገሽ በወንፊት የተሸፈነ የአየር ማስገቢያ አስበሺ፣ ከመውጫው ቱቦ ያላነሰ ስፋት ያለው። ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ ሳሎን ውስጥ ለቡና ከሰል ስታነዱ "ሁዱ በርቷል" ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ከከሰል የሚወጣው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ምድጃ ላይ የተሰቀለ ሁድ ሳሎን ያለውን አይለቅምልሽም። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዪው፣ ስታስገቢውም መስኮት ይከፈት።

ካርቶኑ ላይ ያለው 1,000 ብዙ አያስጨንቅሽ። ያ ባብዛኛው ቱቦ ሳይገጠምለት በነፃ ሲነፍስ የተለካ ነው። ኪችንሽን በ4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱን 2.80 ብለን እናስበው፣ 39 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በሰዓት ከ10 እስከ 15 ጊዜ አየሩ ቢቀየር ለቤት ደህና ነው፣ ያ ማለት ከ400 እስከ 600። ሁድሽ በደህና ቱቦ ይህን ያለ ችግር ያወጣል፣ ያውም በመካከለኛው ፍጥነት። አንድ የኛ አገር ነገር ግን አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታ ላይ ናቸው፣ የእናንተ ሰፈር ከመሀል ከተማው ዝቅ ቢልም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባህር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። ፋኑ በሜትር ኪዩብ ሲቆጠር ያንኑ ያህል ያወጣል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ስሌቱን ሁልጊዜ ወደ ላይ ጠጋ አድርጊው። በዚሁ ምክንያት የጋዝ ነበልባሉም አየር ሊያጥረው ይችላል። ድስትሽ ከሥሩ ጥላሸት እየያዘ ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ የጋዝ ባለሙያ ጋዙ የሚወጣበትን የምድጃውን አፍንጫ ያስተካክልልሽ፣ ያንን ጥላሸት ሁድ አይፈታውም።

ምጣዱን በተመለከተ፣ ስቶቩ ጎን ጠረጴዛ ላይ ነው ብለሻል። ሁዱ ከሥሩ ያለውን እንጂ ጎኑ ያለውን በደንብ አይስብም። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ለአፍታ ይታወራል። ለሱ ሌላ ርካሽ መፍትሔ አለ። ከምጣዱ በላይ ግድግዳው ላይ 20 ወይም 25 ሳንቲም የሆነ ማስወጫ ፋን፣ ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋ ክዳን ያለው። ከሁዱ ቱቦ ጋር ግን አታገናኙት፣ አንዱ ሲነፍስ በሌላው በኩል ወደ ቤት ይመለሳል። ሰርቪስ ካለሽ ደግሞ ምጣዱን እዚያ ውሰጂው፣ እውነቴን ነው የምልሽ። እናቶቻችን ማድቤቱን ከቤቱ ለይተው የሠሩት ጭሱን ስላወቁት ነው። እኔ ራሴ ሁድ እየገጠምኩ እየኖርኩ ቤቴ የበዓል ቁሌት የሚቁላላው ጓሮ ነው።

ከተሠራ በኋላ የአንቺ ሥራ ማጣሪያው ነው። በወር አንዴ አውጥተሽ በፈላ ውሃና በላርጎ ዘፍዝፊው፣ በጾም ወራት ዘይቱ ስለሚበዛ ቶሎ ቶሎ። ብርሃን ላይ ከፍ አድርገሽ ስታዪው ቀዳዳዎቹ ካልታዩሽ ሁዱ በጨርቅ የታፈነ ያህል ነው። ማታ ምግብ ሠርተሽ ከጨረስሽ በኋላም አሥር ደቂቃ ያህል ይሥራ፣ ቱቦ ውስጥ የቀረው እንፋሎት ይወጣል። ድስት ላይ ዘይት ከተያያዘ ግን ወዲያው ሁዱን አጥፊ፣ ጋዙን ዝጊ፣ ድስቱን ክደኚ። ውሃ እንዳትደፊበት።

ሠራተኛው ሲመጣ "እኛ ሁሌ በፒቪሲ ነው የምንሠራው" ይልሻል። አትከራከሪው፣ ላሜራውን ራስሽ አሠርተሽ አስቀምጪና ገጣጥም በይው። የድሮውን ቱቦ ሲያወጣ ኮርኒሱ ላይ የቀረውን ቀዳዳ ሳይደፍን እንዳይሄድ፣ አይጥ የሚገባው በሱ ነው። መብራቱን ከቆጣሪው ሳጥን አጥፍታችሁ ጀምሩ። ደግሞ ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት ሁለት ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ አንዱ ከውስጥ ሁዱን፣ አንዱ ከጓሮ በኩል ግድግዳውን ከነሮቶው። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለሽ መታ መታ እያደረግሽ ድምፁ ድፍን የሚሆንበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት፣ ኮለኑ እዚያ ነው።